ስለ ጉርብትና፤ ወንጌላውያን በሞርሞኖች አገር

በሰሜን አሜሪካ ምዕራብ፥ በተራሮች መካከል፥ ዩታ የሚባል አገር አለ፤ ዋና ከተማውም ሶልት ሌክ ሲቲ፥ ትርጓሜው የጨው ሐይቅ ከተማ፥ ይባላል። በዚህ አገር «አሕዛብ» የሚለው ቃል በቅዱሳት መጻሕፍት ከሚታወቅበት ምሥጢር ወጥቶ ልዩ ትርጓሜ ይዞ ኖሯል። የአገሩ ሕዝብ አብዛኛው ሞርሞን ነበርና፥ ሞርሞን ያልሆነውን ሁሉ፥ ፕሮቴስታንትም ቢሆን ካቶሊክም ቢሆን፥ «አሕዛብ» ብለው ይጠሩት ነበር። በጀርመን የተወለደው አይሁዳዊ ሳይመን ባምበርገር በ1916 ዓ.ም. የዩታ አገረ ገዥ ሆኖ ሲመረጥ፥ አገሩ ራሱን ከቻለ ወዲህ ከሞርሞን ማኅበር ውጭ ለዚህ ሹመት የበቃ የመጀመሪያው ሰው እርሱ ሆነ፤ በዚህም የአብርሃም ዘር የሆነው ሰው ከአሕዛብ ወገን ተቆጥሮ አገር ገዛ። (እዚህ የሚነገረው ዘመን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ከነዚህ «አሕዛብ» መካከል የወንጌላውያኑ ነገር ከሁሉ ይልቅ ታሪክን ለሚመለከት ሰው ያስደንቃል። ከኒው ዮርክ ወይም ከኦሃዮ ተነሥቶ ወደ ዩታ የሄደው ፕሮቴስታንት በትውልድ አገሩ ሳለ ሃይማኖቱ የብዙ ሰው ሃይማኖት ነበር፤ ዳኛውም፥ የጋዜጣው ጸሓፊም፥ የተማሪ ቤቱ አለቃም የእርሱ ወገን ነበሩ፤ ሞርሞኑ ግን ጥቂትና የተናቀ ነበር። ተራራውን ተሻግሮ ወደ ሸለቆው በገባ ጊዜ ሚዛኑ ተገለበጠበት። በዚያ ዳኛውም፥ ነጋዴውም፥ የመስኖውን ውሃ የሚያከፋፍለውም ሞርሞን ነው፤ ጥቂቱና በጥርጣሬ ዓይን የሚታየው እርሱ ነው። በአገሩ ሳለ ስለ ሞርሞኖች የሰማውንና ያወራውን ሁሉ አሁን ሞርሞኑ ጎረቤቱ በአጥሩ ወዲያ ሆኖ ይሰማዋል።

የሞርሞን ማኅበር የተመሠረተው በ1830 ዓ.ም. በኒው ዮርክ አገር ነው። ጆሴፍ ስሚዝ የተባለ የገበሬ ልጅ፥ መልአክ ተገልጦ በወርቅ ሰሌዳ የተጻፈ መጽሐፍ አሳየኝ ብሎ፥ «መጽሐፈ ሞርሞን» የተባለውን በዚያው ዓመት አሳተመ፤ ተከታዮቹም በዚህ መጽሐፍ ስም ተጠሩ። እነርሱ ግን ራሳቸውን የሚጠሩት «የኋለኛው ቀን ቅዱሳን የኢየሱስ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን» ብለው ነው፤ በ2018 ዓ.ም. ያን ጊዜ የበላያቸው የነበረው ራስል ኔልሰን ሰው ሁሉ ሞርሞን ማለትን ትቶ በዚህ ሙሉ ስም እንዲጠራቸው አጥብቆ አሳስቧል። እዚህ አጭሩ ስም የተያዘው በታሪክ የሚታወቁት በእርሱ ስለ ሆነ ነው እንጂ ለንቀት አይደለም።

የዚህ ማኅበር ሰዎች በመጀመሪያው ዘመናቸው ከአገር ወደ አገር ተሰደዱ። በሚዙሪ አገር በጥቅምት ወር 1838 ዓ.ም. አገረ ገዥው ሊልበርን ቦግስ ሞርሞኖች ወይ ይጥፉ ወይ ከአገር ይውጡ የሚል ትእዛዝ ለጦር አለቃው ጻፈ፤ ከሦስት ቀን በኋላም ሆንስ ሚል በሚባል ስፍራ የታጠቁ ሰዎች 17 ሞርሞኖችን፥ ወንዶችንና ልጆችን፥ ገደሉ። በሚዙሪ ካሳደዷቸው የጦር አለቆች መካከል ሳሙኤል ቦጋርት የተባለው የሜቶዲስት ሰባኪ እንደ ነበረ ልብ ሊባል ይገባል። ያ ትእዛዝ በይፋ የተሻረው በ1976 ዓ.ም. ነው፤ አንድ መቶ ሠላሳ ስምንት ዓመት ያህል በመዝገብ ተቀምጦ ኖረ ማለት ነው። በ1844 ዓ.ም. ደግሞ በኢሊኖይ አገር ካርቴጅ በምትባል ከተማ ጆሴፍ ስሚዝና ወንድሙ ሃይረም በወህኒ ቤት ሳሉ ፊታቸውን ጥላሸት የቀቡ ሰዎች ገብተው በጥይት ገደሏቸው። ከዚህ በኋላ ብሪገም ያንግ ሕዝቡን መርቶ፥ በሠረገላ ምድረ በዳውን አቋርጦ፥ በሐምሌ 24 ቀን 1847 ዓ.ም. ወደ ጨው ሐይቅ ሸለቆ ገባ። ይህ ቀን እስከ ዛሬ በዩታ የአገር በዓል ነው።

ደም ግን በአንድ ወገን ብቻ አልፈሰሰም። በመስከረም 11 ቀን 1857 ዓ.ም. ማውንቴን ሜዶውስ በተባለ መስክ፥ ከአርካንሳስ ተነሥተው ወደ ካሊፎርኒያ ይሄዱ የነበሩ 120 ያህል መንገደኞችን የሞርሞን ጭፍሮች በሰላም እናሳልፋችኋለን ብለው መሣሪያቸውን ካስፈቱ በኋላ ፈጇቸው፤ የተረፉት 17 ሕፃናት ብቻ ናቸው። ስለዚህ ሥራ በሞት የተቀጣው ጆን ሊ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እርሱም ከሃያ ዓመት በኋላ። እንግዲህ ሁለቱ ወገኖች ጎረቤት ሆነው ሲቀመጡ እያንዳንዱ የየራሱን ሙታን ይቆጥር ነበር።

የሃይማኖታቸውም ልዩነት ትንሽ አይደለም። ሞርሞኖች የክርስቶስን ስም ይጠራሉ፥ መጽሐፍ ቅዱስንም ያነባሉ፤ ነገር ግን ሠለስቱ ምዕት በኒቅያ የወሰኑትን የሃይማኖት ጸሎት አይቀበሉም። አብ የሥጋና የአጥንት አካል አለው፤ አብና ወልድ መንፈስ ቅዱስም በፈቃድ አንድ፥ በህላዌ ግን ሦስት የተለያዩ ናቸው፤ እውነተኛይቱ ቤተ ክርስቲያን ከሐዋርያት በኋላ ከምድር ጠፍታ በጆሴፍ ስሚዝ እጅ ተመለሰች ይላሉ። ስለ ሞቱ ሰዎችም በሕያዋን ላይ ጥምቀት ይፈጽማሉ። ከሌላ ማኅበር የሚመጣውን ሰው እንደ አዲስ ያጠምቁታል፤ ሜቶዲስቶችና ካቶሊኮችም ከሞርሞን የሚመጣውን እንዲሁ ያደርጋሉ። በዚህ ላይ በ1852 ዓ.ም. ከአንድ ሚስት በላይ ማግባትን የሃይማኖታቸው ሥርዓት መሆኑን በአደባባይ ገለጹ። ፕሮቴስታንቱ በሌላው ነገር ከወንድሞቹ ጋር ቢከራከርም በነዚህ ነገሮች ሁሉ ዝም ብሎ ሊያልፍ አይችልም ነበር። ጥያቄው ዝም ማለት ወይም መናገር አይደለም፤ እንዴት መናገር ነው።

በዩታ የመጀመሪያው የፕሮቴስታንት ጉባኤ የቆመው በ1865 ዓ.ም. ነው። ኖርማን ማክላውድ የተባለ የኮንግሬጌሽናል ማኅበር ሰባኪ የነጻነት አዳራሽ የተባለውን ቤት አሠርቶ በዚያ ሲሰብክ ሞርሞኖችን ከመስቀል በቀር ያልሰቀላቸው ነገር የለም፤ ስብከቱ ሁሉ በእነርሱ ላይ ነበር። የሰንበት ተማሪ ቤቱ አለቃ ዶክተር ኪንግ ሮቢንሰን የሚባል ሐኪም ነበር። ይህ ሐኪም ስለ አንድ የፍል ውሃ መሬት ከከተማው ሹማምንት ጋር በክርክር ላይ ሳለ፥ በጥቅምት 22 ቀን 1866 ዓ.ም. ሌሊት በሽተኛ አለ ብለው ከቤቱ ጠርተው በመንገድ ላይ ገደሉት። ገዳዮቹ እስከ ዛሬ አልታወቁም። አሕዛብ የተባሉት ይህን የሞርሞን ሥራ ነው አሉ፤ ሞርሞኖች ካዱ፤ ከተማይቱም በፍርሃት ተያዘች።

በሚቀጥለው ዓመት በሐምሌ ወር፥ ይህ ፍርሃት ገና ሳይበርድ፥ ዳንኤል ተትል የተባለ የኤጲስቆጶሳዊት ቤተ ክርስቲያን ጳጳስ ወደ ሶልት ሌክ ገባ፤ ዕድሜው ሠላሳ ዓመት ነበር። ከእርሱ በፊት የመጡት ካህናት በአንድ ባረጀ የኳስ ማንከባለያ ቤት ተማሪ ቤት ከፍተው ነበርና ከዚያ ጀመረ። ተትል ብሪገም ያንግን ሄዶ እጅ ነሣ፤ የሞርሞንን ትምህርት ስሕተት ነው ብሎ ያምን ነበር፤ ያንንም አልሸሸገም፤ ነገር ግን በመድረኩ ላይ የእነርሱን ነውር ከመዘርዘር የራሱን ቤተ ክርስቲያን እምነት ማስተማርን መረጠ። በ1872 ዓ.ም. ቅዱስ ማርቆስ የተባለ ሐኪም ቤት ተከፈተ፤ በማዕድን ጉድጓድና በምድር ባቡር ሥራ ለሚቆስሉ ሰዎች መጠጊያ ሆነ። ተትል አሥራ ዘጠኝ ዓመት ያህል በዚያ አገር አገልግሎ በ1886 ዓ.ም. ወደ ሚዙሪ ሲዛወር፥ የሞርሞኖቹ ጋዜጣ ደዘረት ኒውስ በትምህርት ተቃዋሚያቸው ቢሆንም በተንኮል ያልተዋጋቸው ቅን ሰው እንደ ነበረ ጽፎ አሰናበተው። የማክላውድን ስም ግን ማንም በምስጋና አላነሣውም። ከሁለቱ ሰባኪዎች በእምነቱ ያመቻመቸ የለም፤ ልዩነታቸው ጎረቤታቸውን በተመለከቱበት ዓይን ነበር።

በ1869 ዓ.ም. በግንቦት ወር ከምሥራቅና ከምዕራብ የመጡት የምድር ባቡር ሐዲዶች በዩታ ምድር ተገናኙ፤ ከዚያም በኋላ ሸለቆው እንደ ቀድሞው በተራራ ታጥሮ ሊኖር አልቻለም። በሚቀጥለው ዓመት የሕግ መወሰኛው ምክር ቤት ቄስ የነበረው ሜቶዲስቱ ጆን ኒውማን ከሞርሞኑ ሊቅ ከኦርሰን ፕራት ጋር መጽሐፍ ቅዱስ ከአንድ በላይ ማግባትን ይፈቅዳልን በሚል ነገር በታላቁ አዳራሻቸው በታበርናክል ሦስት ቀን ተከራከረ። ሕዝቡ በብዙ ሺህ ተሰበሰበ፤ እያንዳንዱም ወገን የእኔ ሰው ረታ ብሎ ወደ ቤቱ ሄደ። እንዲህ ያለ ክርክር አብዛኛውን ጊዜ ፍጻሜው ይኸው ነው።

ከክርክሩ ይልቅ ፍሬ ያፈራው ተማሪ ቤት ነበር። በ1875 ዓ.ም. ደንከን ማክሚላን የተባለ የፕሬስቢቴሪያን ሰባኪ በሽታ ይዞት ለአየሩ ብሎ ወደ ዩታ መጣና ከሶልት ሌክ በስተ ደቡብ ባለው በሳንፒት ሸለቆ ማውንት ፕሌዘንት በምትባል ከተማ ተቀመጠ። የዚያች ከተማ ሰዎች ብዙዎቹ ከዴንማርክ የፈለሱ ነበሩ፤ በአገራቸው በሉተር ሃይማኖት ተጠምቀው፥ ወደ ሞርሞን ገብተው፥ ባሕር ተሻግረው የመጡ። ከእነርሱም መካከል ከማኅበሩ ያኮረፉ ጥቂቶች አንድ አዳራሽ ሠርተው ነበርና ማክሚላን ያንን ገዝቶ በጸደይ ወራት ማስተማር ጀመረ፤ ወንበሩንም በእጁ ሠራ። ብሪገም ያንግ ሕዝቡ ልጆቹን ወደዚያ እንዳይሰድ አስጠነቀቀ፤ ማክሚላንም ስለ ዛቱበት ሽጉጡን ከመጽሐፍ ቅዱሱ አጠገብ አኑሮ ሰበከ ይባላል። ወላጆቹ ግን ልጆቻቸውን ከመላክ አልተመለሱም። ያን ጊዜ በዩታ በመንግሥት ገንዘብ የቆመ ነጻ ተማሪ ቤት አልነበረም፤ ከምሥራቅ አገር የመጡት አስተማሪዎች፥ አብዛኞቹ ያላገቡ ወይዛዝርት፥ በትምህርት የበረቱ ነበሩ። ዋሳች አካዳሚ የሚባለው ይህ ተማሪ ቤት ዛሬም በማውንት ፕሌዘንት አለ።

እነዚህ ወይዛዝርት ታሪካቸው በሚገባ ያልተነገረ ሰዎች ናቸው። አንዲት ሴት ብቻዋን በሞርሞን መንደር ቤት ተከራይታ፥ ቀን ልጆችን ፊደልና ሒሳብ አስተምራ፥ እሑድ የሰንበት ትምህርት ሰጥታ፥ ማታ ከተማሪዎቿ እናቶች ጋር ስፌት ይዛ ትቀመጥ ነበር። የላኳቸው ማኅበሮች የተጠመቁትን ቁጥር ይጠይቋቸው ነበር፤ ቁጥሩም ዓመት በዓመት ትንሽ ነበር። ከሺህ የሚበልጡ የሞርሞን ልጆች በእነርሱ እጅ ማንበብ ተማሩ፤ ፕሮቴስታንት የሆኑት ግን ጥቂቶች ናቸው። በ1890 ዓ.ም. የዩታ ምክር ቤት የነጻ ተማሪ ቤት ሕግ ባወጣ ጊዜ አብዛኞቹ የሚሲዮን ተማሪ ቤቶች እየቀሩ ሄዱ። ለላኪዎቹ ይህ ኪሣራ መስሎ ታይቷቸው ይሆናል። ሆኖም በእነዚያ መንደሮች ፕሮቴስታንት ማለት ሚዙሪ ውስጥ ጠመንጃ የያዘ ሰው ማለት መሆኑ የቀረው በእነርሱ ምክንያት ነው።

ርቀው የተቀመጡት ግን ነገሩን በሌላ መልክ ነበር የሚያዩት። በምሥራቅ የሚኖሩ የፕሮቴስታንት ሴቶች በዩታ ያሉት ሴቶች ሁሉ በባርነት ተይዘው የሚያለቅሱ ምርኮኞች እንደ ሆኑ ያምኑ ነበር። ስለዚህም በ1886 ዓ.ም. ከአሜሪካ መንግሥት 40 ሺህ ዶላር አስፈቅደው፥ ከብዙ ሚስቶች አንዷ ሆና የምትኖር ሴት ብትሸሽ የምትጠጋበት ታላቅ ቤት በሶልት ሌክ አሠሩ። ቤቱ ተሠራ፤ ሴቶቹ ግን ጥቂቶች ብቻ መጡ፤ በ1893 ዓ.ም. ተዘጋ። በዩታ የሚኖር ፕሮቴስታንት ጎረቤቶቹን ጠይቆ ቢሆን ይህን አስቀድሞ ያውቀው ነበር። የሞርሞን ሴቶች በ1870 ዓ.ም. በታላቅ ስብሰባ ወጥተው ስለ ሥርዓታቸው በራሳቸው አንደበት ተከራክረዋል፤ በዚያው ዓመትም የመምረጥ መብት አግኝተው ነበር፤ ይህን መብት በ1887 ዓ.ም. የነጠቃቸው እነርሱን ነጻ አወጣለሁ ብሎ የተነሣው የዋሽንግቶን ሕግ ነው። ከአንድ በላይ ማግባት ክፉ አልነበረም ለማለት አይደለም፤ ብዙ ሴቶች በዚያ ሥርዓት ልባቸው ቆስሎ ኖረዋል። ነገር ግን የጎረቤትን ቁስል ሳይመረምሩ የሚቀቡት መድኃኒት ለሐኪሙ ደስታ እንጂ ለቁስለኛው ጥቅም አይሆንም።

ከ1890 ዓ.ም. ጀምሮ የሞርሞኖቹ መሪ ዊልፎርድ ውድረፍ ከአንድ በላይ ማግባት እንዲቀር ስለ ተናገረ፥ ዩታ በጥር 4 ቀን 1896 ዓ.ም. ከተባበሩት መንግሥታት እንደ አንዱ ተቆጠረች። ጥርጣሬው ግን አልጠፋም፤ ጥርጣሬውም በከንቱ አልነበረም፤ ከ1890 በኋላም በስውር የተጋቡ ነበሩና። በ1898 ዓ.ም. ሦስት ሚስቶች የነበሩት ብሪገም ሮበርትስ ለሕግ መምሪያው ምክር ቤት ሲመረጥ የሶልት ሌክ ሰባኪዎች ተቃውሞ አስነሡ፤ ሰባት ሚልዮን ያህል ሰው ፈረመ ተባለ፤ ምክር ቤቱም በ1900 ዓ.ም. ሳይቀበለው ቀረ።

ሁለተኛው ነገር ግን የተለየ ነበር። በ1903 ዓ.ም. ከአሥራ ሁለቱ የሞርሞን ሐዋርያት አንዱ የነበረው ሪድ ስሙት ለሕግ መወሰኛው ምክር ቤት ተመረጠ። የሶልት ሌክ ከተማ ሰዎች፥ ከእነርሱም መካከል የፕሬስቢቴሪያኑ ፓስተር ዊልያም ፔደን፥ ማኅበሩ በመንግሥት ሥራ እጁን ያስገባል የሚል ክስ ጽፈው ላኩ፤ ይህ ሊመረመር የሚገባው ጥያቄ ነበር፤ ምክር ቤቱም ዓመታት መረመረው። የዩታ የሜቶዲስት ሚሲዮን አለቃ ጆን ላይሊክ ግን ለብቻው ሌላ ክስ ጨመረበት፤ ስሙት በስውር ሁለተኛ ሚስት አለው ብሎ። ስሙት አንዲት ሚስት ብቻ ነበረችው፤ ይህንንም ጎረቤቶቹ ሁሉ ያውቁ ነበር። ሌሎቹ ከሳሾች በዚያ ቃል አንተባበርም አሉ፤ ላይሊክም ማስረጃ ሊያቀርብ አልቻለም። በሐሰት መመስከር በዐሠርቱ ቃላት የተከለከለው ሃይማኖቱ ለቀና ባልንጀራ ብቻ ተብሎ አይደለምና፥ ከዚያ ቀን ጀምሮ ስንት እውነተኛ ነገር የተናገሩ ሰባኪዎች በዚያ አንድ ሐሰት ምክንያት ሳይታመኑ ቀሩ። ስሙት በየካቲት ወር 1907 ዓ.ም. ወንበሩን አጸና፤ ሠላሳ ዓመትም ተቀመጠበት።

በሃያኛው መቶ ዓመት ክርክሩ ከምክር ቤት ወጥቶ ወደ ደጃፍ ተመለሰ። የሞርሞን ማኅበር «ዋርድ» በሚባል አጥቢያ የተከፈለ ነው፤ ሰው የሚሄድበትን አይመርጥም፤ ቤቱ በየትኛው ወሰን ውስጥ ከሆነ የዚያ አጥቢያ ነው። አጥቢያውን የሚመራው ኤጲስ ቆጶስ ደመወዝ የለውም፤ ነጋዴ ወይም የጥርስ ሐኪም ሆኖ በሥራው እያደረ ጥቂት ዓመት አገልግሎ ለሌላው ያስረክባል። ስለዚህ በአንድ መንገድ ግራና ቀኝ ያሉት ቤቶች አብረው ይጸልያሉ፥ አብረው ይሠራሉ፥ አብረው ይጫወታሉ። ሐዘን የደረሰበት ቤት ሴቶቹ ምግብ ይዘው ይገባሉ፤ በረዶ ሲወርድ ወጣቶቹ የሽማግሌውን ደጅ ይጠርጋሉ፤ የዕድርን ነገር ለሚያውቅ ሰው ይህ እንግዳ አይደለም። ወንጌላዊው ጎረቤትም ከዚህ በጎነት ይደርሰዋል። ነገር ግን ከወሰኑ ውስጥ ሆኖ ከማኅበሩ ውጭ ነው። ከ1912 ዓ.ም. ጀምሮ በግራናይት ተማሪ ቤት እንደ ተወጠነው፥ የሞርሞን ልጆች በትምህርት ቀን አንድ ሰዓት ከክፍል ወጥተው «ሴሚናሪ» ወደሚባለው የሃይማኖት ትምህርት ቤት ይሄዳሉ፤ የፕሮቴስታንቱ ልጅ ከጥቂት ባልንጀሮቹ ጋር በተራቆተው ክፍል ይቀራል። እናቱ ወደ ቤት ሲመለስ ምን ትለዋለች?

ሞርሞን ቡናና ሻይ፥ መጠጥና ትምባሆ አይቀምስም። ጎረቤትን ቡና ጠጡ ብሎ መጥራት ባለበት አገር ለሚኖር ሰው፥ ያለ ቡና ጉርብትና እንዴት እንደሚጀመር ማሰብ ያስቸግራል፤ በዩታ የሚኖሩት ግን በኬክና በሎሚ ውሃ ለምደውታል። ከዚህ ይልቅ የሚያስቸግረው ሌላ ነው። ማኅበሩ ምእመኑን ሁሉ መልእክተኛ እንዲሆን ያስተምራልና፥ ወንጌላዊው የተደረገለት ደግነት ደግነት ብቻ ይሁን ወይም ወደ ጥምቀት የሚጠራ መቅድም ይሁን አያውቅም። አልቀበልም ካለ በኋላ ወዳጅነቱ የቀዘቀዘባቸው ብዙዎች ይመሰክራሉ። ይህ ወቀሳ ግን በሁለት ወገን የተሳለ ነው፤ ሞርሞኑም የወንጌላዊውን ሰላምታ እንዲሁ ይጠረጥራልና። ጎረቤቱን ሊያድነው የሚሻ ሰው፥ ጎረቤቱ ባይድንም ሊወደው ይችል እንደ ሆነ በዚህ ይፈተናል።

ኢትዮጵያን የሚነካ አንድ ነገር በዚህ መካከል አለ። ሞርሞኖች በየወሩ በመጀመሪያው እሑድ ከሁለት ማዕድ ይጾማሉ፤ የማዕዱን ዋጋ ለድሆች ይሰጣሉ። በጥር 27 ቀን 1985 ዓ.ም. (በኢትዮጵያ አቆጣጠር ጥር 19 ቀን 1977 ዓ.ም.) በአሜሪካና በካናዳ ያሉት ምእመናን ሁሉ ለኢትዮጵያ ረኃብተኞች ልዩ ጾም ጾመው ከ6 ሚልዮን ዶላር በላይ አዋጡ፤ ከመሪዎቻቸው አንዱ ራስል ባላርድም ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ ችግሩን ተመለከተ። ገንዘባቸውን ለተራበው ካደረሱት መካከል የካቶሊኮች የእርዳታ ድርጅት ይገኝበታል። በዚያው ወራት ወንጌላውያን የመሠረቱት ወርልድ ቪዥን በአንጾኪያ ሸለቆ ሥራ ላይ ነበር። በሶልት ሌክ በአንድ መንገድ ተቀምጠው በእምነት የማይስማሙት ሰዎች ገንዘብ በወሎና በሸዋ መካከል ተገናኘ።

ከዚህ በኋላ ሊቃውንቱም መነጋገር ጀመሩ። በ1997 ዓ.ም. ወንጌላዊው ክሬግ ብሎምበርግና ሞርሞኑ ስቲቨን ሮቢንሰን ልዩነታቸውን በአንድ መጽሐፍ በየተራ ጻፉ፤ ከብዙ ወገንም ተነቀፉ። በ1998 ዓ.ም. የደቡብ ባፕቲስቶች ታላቅ ጉባኤያቸውን በሶልት ሌክ አደረጉ፤ ቤት ለቤትም ሰበኩ። በኅዳር 14 ቀን 2004 ዓ.ም. ደግሞ አንድ የታወቀ የወንጌል ሰባኪ በታበርናክል እንዲናገር ተጋበዘ፤ ያን ምሽት ግን የሚታወሰው ከእርሱ በፊት የተነሣው የፉለር የነገረ መለኮት ተማሪ ቤት አለቃ ሪቻርድ ማው ነው። ማው ወንጌላውያን ሞርሞኖችን በድለናል አለ፤ የበደሉም ነገር ምን እንደሚያምኑ ሳይጠይቋቸው እናንተ ይህን ታምናላችሁ እያሉ መናገራቸው መሆኑን ገለጸ። በአዳራሹ የተሰበሰቡት ሞርሞኖች ብዙዎቹ ተነኩ። በዩታ ከሚያገለግሉት ወንጌላውያን ግን አንዳንዶቹ ተቆጡ፤ ስለ እኛ ይቅርታ የሚጠይቅ ማን ሾመው? እኛ ከማኅበሩ የወጡትን፥ ቤተ ዘመዶቻቸው የተለዩአቸውን እያጽናናን ሳለን እርሱ ከሩቅ መጥቶ ይቅርታ ይሰጣልን? አሉ። ቁጣቸው ሁሉ ያለ ምክንያት አልነበረም። ነገር ግን ማው የካደው የሃይማኖት ቃል የለም፤ የተጸጸተው ላይሊክ ስላደረገው ዓይነት ነገር ነበር።

በዩታ ለሚኖር ወንጌላዊ ቤተሰብ ከክርክር ሁሉ የሚከብደው የሰርግ ቀን ነው። የሞርሞን ጋብቻ ለዘላለም የሚጸናው በመቅደስ ሲፈጸም ነው ይላሉ፤ ወደ መቅደሱም ፈቃድ ካላቸው ምእመናን በቀር ማንም አይገባም። የፕሮቴስታንቱ ልጅ ሞርሞኗን አፍቅሮ፥ በሃይማኖቷም ተጠምቆ ለማግባት ሲቆርጥ፥ አባቱና እናቱ የሰርግ ልብሳቸውን ለብሰው ሥርዓቱ እስኪፈጸም ከውጭ ይቀመጣሉ። በአሜሪካ ለብዙ ዘመን፥ አስቀድሞ ወላጆች ባሉበት በሌላ ስፍራ የተጋባ ሰው ወደ መቅደሱ ለመግባት አንድ ዓመት ይቆይ ነበር፤ ስለዚህም ሙሽሮች ከወላጅና ከመቅደስ እንዲመርጡ ይገደዱ ነበር። በግንቦት ወር 2019 ዓ.ም. የማኅበሩ መሪዎች ይህን የአንድ ዓመት ቆይታ አንሥተው ደብዳቤ ጻፉ። ከዚያ ወዲህ ሙሽሮቹ አስቀድመው በአዳራሽ ወይም በቤት፥ ዘመድ ሁሉ ባለበት፥ ይጋባሉ፤ አባት ሴት ልጁን በእጁ ይዞ ያስረክባል፤ እናትም ታያለች። ከዚያም ሙሽሮቹ ወደ መቅደሱ ይሄዳሉ። ወላጆቹ እስከ በሩ ድረስ ይሸኟቸዋል፤ በአበባው መካከል ባለው ወንበር ተቀምጠውም የሙሽራዪቱን ወላጆች መውጣት ይጠብቃሉ።